የሙዳሲር ጥራጊ

ሙዳሲርን ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ አካባቢ ያለ ሐበሻ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያውቀው «ካሜራው» በሚል ስም ነበር። «ካሜራው መጥቷል?»፣ «ካሜራው ሳይደርስ ኬክ እንዳትቆርሱ» ይባላል እንጂ በስሙ የሚጠራው ሚስቱ ሁመይራ ብቻ ነበረች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዌስትውድ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት ምድር ቤት የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል። ቅዳሜና እሑድ ግራጫ ሱፉን ይለብስና የካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ትከሻው ላይ አጋድሞ ሰርግ ሊቀርጽ ይሄዳል። የደሴ ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ሥራው ግን ሃይማኖት አልለየበትም። ኒካህም ቀርጿል፣ ተክሊልም ቀርጿል። ሼኩም ቄሱም «አንተ እዚያ ጋ ብትቆም ይሻላል» ብለው ያላዘዙት ጊዜ የለም።

ሁመይራ አብራው ትሄዳለች። ቦርሳ ትይዛለች፣ ባትሪ ታቀብላለች። ወንድ የማይገባበት የሴቶች ክፍል ሲኖር፣ ወይም እሱ ከሙሽሮቹ አጠገብ መነቃነቅ ሲያቅተው፣ ሁለተኛዋን ትንሿን ካሜራ ያስይዛትና «እስቲ ዞር ዞር በይበት» ይላታል። እንዲህ የሚላት ብቻዋን ቆማ እንዳትሰለች ብሎ እንጂ ከካሜራዋ ብዙ ጠብቆ አልነበረም።

ከዚያ ካሜራ ያለው ስልክ በየሰዉ ኪስ ገባና ሰው ሁሉ ካሜራው ሆነ። ሙዳሲር ለመጨረሻ ጊዜ በተጠራበት ሰርግ ላይ የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ድሮን አስነስቶ ከራሱ በላይ ሲያንዣብብበት ዋለ። ቤቱ ወስዶ ቪዲዮውን ሲከፍተው ከሙሽሮቹ ቃለ መሐላ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው የድሮኑ ጩኸት ነው። ያን ጊዜ ማቆሚያውን አጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ከመኪናውም ሥራ ወጣና ሙሉ ቀን እቤት መዋል ጀመረ።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ታዲያ ከአራት መቶ በላይ ካሴት ነበር። ሁመይራ አንድ ቀን በሩን ከፍታ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «ሙዳሲር፣ እኔ ልብሴን የት እንደማስቀምጥ ንገረኝ» አለችው። ቁጣ የለባትም፤ መልስ ነው የፈለገችው። እሱም በማግስቱ ያገለገለ ኮምፒውተርና ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ተከለና ካሴቶቹን መገልበጥ ያዘ። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማፍጠን የሚባል ነገር የለውም። ግማሽ ዓመት ሊሞላው ሲል ጨረሰ። ሁመይራ ቁም ሣጥኗን አገኘች፤ መኝታ ቤቷን ግን ለኮምፒውተሩ ለቀቀች።

የገለበጠውን በሁለት ፎልደር ከፈለው። አንዱን «ሰርጎች» አለው። እዚያ ውስጥ ያሉት በዘመኑ ኤዲት አድርጎ ለባለቤቶቹ የሰጣቸው ናቸው። ሙሽራው በልብ ቅርጽ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ሙሽራዋ እንደ አበባ ትፈነዳለች፣ ከላይ ሙዚቃ አለ። ሌላውን ፎልደር «ጥራጊ» አለው። በኤዲት ጊዜ ቆርጦ የጣለው ሁሉ እዚያ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሰላጣ የሚከትፉ ሴቶች፣ ጠረጴዛ ሥር ገብተው የተኙ ልጆች፣ ኮሪደር ላይ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን የሚያሹ ሚዜዎች። ያስቀመጠው ዲስኩ ቦታ ስለተረፈው ብቻ ነው።

አሁን ችግሩ ማየቱ ነበር። ኮምፒውተሩ መኝታ ቤት ነው፣ ሰው የሚቀመጠው ሳሎን ነው፣ ትልቁ ቲቪም ሳሎን ነው። አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ሲያነብ ኮምፒውተሩ ያለውን ቪዲዮ በቤቱ ዋይፋይ ለቲቪው ሊልክለት እንደሚችል ተረዳ። ሁለት ሳምንት ታገለ። መጀመሪያ ድምፅ መጣ፣ ምስል የለም። ቀጥሎ ምስል መጣ፣ ሙሽሮቹ ግን እንደ ሸምበቆ ረዝመው ቀጥነው። እሱን ሲያስተካክል ደግሞ ምስሉ በየመሀሉ ይቆምና አንዲት ክብ ምልክት ስክሪኑ ላይ መዞር ትጀምራለች። ክቧ የምትዞርበት ምክንያት ጠፍቶት ሲቸገር ቆየና በመጨረሻ ደረሰበት። ሁመይራ ማይክሮዌቭ በከፈተች ቁጥር ነው የሚቆመው።

«ሶ፣ ቪዲዮ እያየን ምግብ ማሞቅ አይቻልም» አላት።

«እኔ ደግሞ ምግብ እያሞቅን ቪዲዮ ማየት አይቻልም ነው የምለው» አለችው።

ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን በምንጣፉ ሥር ረጅም ኬብል አሳልፎ ነገሩን ፈታው። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁመይራን የቱርክ ድራማዋን አስዘግቶ ሶፋው ላይ አስቀመጣትና «ሰርጎች»ን ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሙሽሮች በልብ ውስጥ ብቅ አሉ።

«እነዚህ እኮ ተፋቱ» አለች ሁመይራ።

ሁለተኛውን ከፈተ።

«እነዚህም።»

ሦስተኛውን ሲከፍት ትንሽ አሰበች። «እነዚህ አልተፋቱም። ግን አይነጋገሩም።»

ድራማዋን መልሶ ከፈተላት።

ነገሩ በዚሁ በቀረ ነበር፤ ሠናይት ባትመጣ። ሠናይት ፌርፋክስ ላይ ፀጉር ቤት የምትሠራ የአርባ ዓመት ሴት ናት። እናቷ እትዬ አበባ ከሞቱ መንፈቅ ሆኗቸው ነበር። «ጋሼ ሙዳሲር፣ ሁሉንም ሰርግ ሴቭ አድርገሃል አሉ። እማዬ የሌለችበት ሰርግ የለም እኮ፤ የትኛው ላይ አለች?» አለችው። እሱም «ሰርጎች» ውስጥ ገብቶ ቢፈልግ ቢፈልግ እትዬ አበባ የሉም። ለካ እሳቸው ሁልጊዜ ወጥ ቤት ነበሩ። እያፈረ «ጥራጊ»ን ከፈተ።

እትዬ አበባ ትሪ ተሸክመው በጠባብ ኮሪደር ሲመጡ ታዩ። ካሜራው ፊት ሲደርሱ ቆሙና ትክክል ወደ ሠናይት የሚያዩ መሰሉ። «ምን ትገተሪያለሽ፣ በሩን ያዢልኝ እንጂ» አሉና ፈገግ ብለው አለፉ። አሥር ሴኮንድ ቢሆን ነው። ሠናይት አሥር ጊዜ ያህል አስደገመችው፤ በየመሀሉ ሁመይራ የምታቀብላትን ሶፍት ትቀበላለች። ስትወጣ የሙዳሲርን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። «ሌላው ካሜራማን ሙሽራ ብቻ ነው የሚያየው። አንተ ሰው ነው ያየኸው» አለችው።

ሙዳሲር ይህን ንግግር ከአንድ ጊዜ በላይ ለራሱ ደገመው። እውነት ነው አለ። ሌላው ሙሽራ ብቻ ነው የሚያየው።

ሠናይት ፀጉር ቤት ናት የምትሠራው፤ ወሬው በሳምንት ውስጥ ጎረቤት ከተማ ሎንግ ቢች ደረሰ። እሑድ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው መምጣት ጀመረ። ማንም ሙሽራ ላሳይህ ቢሉት አይፈልግም። የሚፈለገው «ጥራጊ» ነው። አንዱ ሟች ወንድሙ መኪና ሲያጥብ ያያል፣ አንዷ ዛሬ ጠበቃ የሆነች ልጇን ወንበር ሥር አኩርፋ እንደተቀመጠች ታያለች። ሁሉም ሲወጣ ሙዳሲርን ያመሰግናል። እሱም ሪሞቱን ይዞ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ያው እንግዲህ፣ ዓይን ነው» ማለት ለመደ። ሁመይራ ሻይ ትቀዳለች።

ጋሼ ብርሃነመስቀል የመጡት በዚህ መሀል ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሳንታ ሞኒካ ከሚገኝ አንድ የባሕር ዳር ሆቴል በሥራ አስኪያጅነት ጡረታ ወጥተዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ፌርፋክስ ላይ የለም፤ ራሳቸው ያልነገሩት የለማ። ዳቦ ለመግዛት እንኳ ያለ ከረባት አይወጡም። ባለቤታቸው እትዬ ዓለምፀሐይ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል።

«ፎቶዋ ሞልቶኛል» አሉ ሲገቡ። «ድምጿ ነው የሌለኝ።»

ሙዳሲር በሳምንቱ ውስጥ ፈልጎ አግኝቶላቸው ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሎንግ ቢች ውስጥ የተደረገ ሰርግ፣ የአዳራሹ ወጥ ቤት። እትዬ ዓለምፀሐይ መታየታቸውን አይቶ ደስ አለውና እስከ መጨረሻው ሳያዳምጥ ዘጋው። ስህተቱ ይህ ነበር። ያን እሑድ ሳሎኑ ውስጥ ከጋሼ ሌላ ሠናይትና በሊሞዚን ሾፌርነት የሚሠራው ሰልማን ተቀምጠዋል።

ምስሉ ተከፈተ። እትዬ ዓለምፀሐይ ሮማን ከምትባል ጓደኛቸው ጋር ሰላጣ ይከትፋሉ። ቀና ብለው አዩና፣ «አንቺ ደግሞ ያንን ነገር አጥፊና ቲማቲም አግዢን» አሉ። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ መቅረጹን ግን አላቆመም። ጋሼ ብርሃነመስቀል ድምፁን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያንቺስ ባል ደህና ነው፣ ሥራ አስኪያጁ?» አለች ሮማን በቪዲዮው ውስጥ።

እትዬ ዓለምፀሐይ ሳቁ። «ምሳውን ረስቶ ሄዶ አንድ ቀን ላደርስለት ሄድኩልሽ። ፊት ለፊት ብጠይቅ የሚያውቀው ጠፋ። በጓሮ በር ገባሁ። ፎጣ ያጥፋል። እንደ ተራራ የተከመረ ፎጣ።»

ሙዳሲር ሪሞቱን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። ስንት ቀን ሙሉ እንዳትመጣ ሲለምናት የነበረችው ክብ ምልክት አሁን በፈለጋት ሰዓት የለችም፤ ቪዲዮው እንደ ውኃ ይወርዳል።

«እና ምን አልሽው?» አለች ሮማን።

«ምን እለዋለሁ? ቀስ ብዬ ወጣሁ። ምሳውን አውቶቡስ መጠበቂያ ቁጭ ብዬ ራሴ በላሁት። ማታ ሲመጣ ‹ስብሰባ ነበረብን› አለኝ። ‹ደክሞሃል› አልኩት። ይኸው ፎጣ ለሚያጥፍ ሰው ሸሚዝ ስተኩስ ስንት ዓመቴ። አትንገሪብኝ። ብነግረው ነገ በምን አንገቱ ይሄዳል?»

ቪዲዮው ቆመ። ሠናይት የሻይ ብርጭቆዋን ውስጥ ውስጡን ታያለች። ሰልማን ስልኩን አወጣ፤ ስልኩ ተዘግቶ ነበር፣ ቢሆንም አየው።

«ጋሼ፣ ሌላ አለኝ፤ እሱን ልክፈትልዎ» አለ ሙዳሲር።

«መልሰው» አሉ ጋሼ ብርሃነመስቀል።

«ጋሼ…»

«መልሰው አልኩህ።»

መለሰው። ሁለተኛውን ጨርሰው ሦስተኛ አስደገሙት። ከዚያ ወደ ሁመይራ ዞር አሉ። «ምሳው ምን እንደነበር አልተናገረችም አይደል?»

«አልተናገሩም ጋሼ» አለች ሁመይራ።

«ጎመን በአይብ ይሆናል። እሱ ነበር የሚረሳኝ።» ተነሥተው ከረባታቸውን አስተካከሉና፣ ሁሉንም በየስሙ ተሰናብተው ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ ሰልማን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እኔ እኮ መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ እዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ነበርኩ» አለ። «በየቀኑ አያቸዋለሁ። እሳቸውም ያዩኛል። ሰላም አንባባልም፤ እሑድ ፌርፋክስ ላይ ነው ሰላም የምንባባለው።»

«ሆቴሉ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ የነበረች ደንበኛ አለችኝ» አለች ሠናይትም። «ማን ያላወቀ አለ?»

ማንም የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ጋሼ ሥራ አስኪያጁ» ይል ነበር። አላወቀም ከተባለ ያላወቀው ሙዳሲር ነው። ሰው ሁሉ ፊት ካሜራ ደቅኖ የኖረው እሱ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ብርጭቆ የምታነሳዋን ሁመይራን ጠየቃት። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ካሜራውን ማን የያዘው መሰለህ?»

«ያን ጊዜ ሰምተሽ ነው?»

«ቲማቲም እየከተፍኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትንገሪብኝ ሲሉ አብሬ ሰማኋ።» ብርጭቆዎቹን ይዛ ወጥ ቤት ገባች።

ሙዳሲር ቪዲዮውን እንደገና ከፈተው። እውነትም ከስክሪኑ ጥግ ቲማቲም የሚከትፍ እጅ አለ። ያንን እጅ ሠላሳ ዓመት ያውቀዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ እትዬ አበባን ከፈተ፣ መኪና የሚያጥበውን ወንድም ከፈተ፣ ወንበር ሥር ያኮረፈችውን ልጅ ከፈተ። እሱ ረጅም ነው፤ የእሱ ካሜራ ሰውን ከላይ ነው የሚያየው፣ ማቆሚያው ላይ ደርቆ። ይሄኛው ካሜራ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ሰውን ልክ በሰው ቁመት ያያል፣ አንዳንዴም ተንበርክኮ በልጅ ቁመት። ሰው ሊያየው የሚመጣው ሁሉ ሁመይራ ያየችው ነው። እሱ የቀረጸው «ሰርጎች» ውስጥ ነው፤ በልብ ቅርጽ የተከበበው፣ ማንም ክፈትልኝ የማይለው። የእሷን ደግሞ ቆርጦ የጣለው፣ ጥራጊ ብሎ ስም ያወጣለት ራሱ ነው።

ነገሩን ወዲያው ተናገረ ማለት ግን አይደለም። በቀጣዩ እሑድ አንዲት ሴት «ተባረክ፣ እንዴት ያለ ዓይን ነው!» ስትለው ሊናገር አፉን ከፈተና፣ «ያው እንግዲህ» ብሎ ዘጋው። ሁመይራ ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ቀና አላለችም። በሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው። ቀና አለማለቷ ብትናገረው ኖሮ ከሚከብደው በላይ ከበደው። ሦስተኛው እሑድ ላይ እንቅልፍ አጥቶ አድሮ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ልናገር። ይሄን ሁሉ የቀረጽኩት እኔ አይደለሁም። ሁመይራ ናት።»

ሠናይት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ውይ ጋሼ ሙዳሲር፣ እንዴት ያለህ ሰው ነህ። የእኔ ባል ሞቶ ያመሰግነኛል?»

«የምሬን ነው።»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን» አለ ሰልማን ጀርባውን መታ እያደረገው። «እንደ አንተ ያለ ትሑት ሰው አላየሁም።»

በዚያ ቀን እስከዚያ ድረስ ካገኘው ሁሉ የበለጠ ምስጋና አገኘ። ሁመይራ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። እሱም ተናዶ፣ ማን ላይ እንደሆነ ሳያውቅ ተናዶ፣ ሪሞቱን አነሣ።

ጋሼ ብርሃነመስቀል በየሳምንቱ መምጣታቸውን አላቋረጡም ነበር። ከዚያ ቪዲዮ ቀጥሎ ባለው እሑድ ያለ ከረባት መጡ። ሰው ሁሉ ዓይኑን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ዋለ። በሳምንቱ ግን አሥረው መጡና «ያለሱ አንገቴን ይበርደኛል» አሉ፤ ሁሉም ተነፈሰ። አሁን ጥጋቸው ላይ ሆነው ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው በእጃቸው ዝም በሉ የሚል ምልክት አሳዩ።

«እናንተ ጆሮ የላችሁም እንዴ?» አሉ። «ሠናይት በየእሑዱ በምታስከፍተው ላይ አበባ ‹ያዢልኝ› ነው ያለችው። የእኔዋም ‹አንቺ ደግሞ አጥፊ› ነው ያለችው። ሙዳሲር መቼ ነው አንቺ የሆነው?»

ሠናይት ስንት ጊዜ እንዳየችው ራሷም የማታውቀውን ቪዲዮ በልቧ መለሰችው። ፊቷ ተለወጠ። «እማዬ አንቺን ነው ያየችው» አለች ወደ ሁመይራ ዞራ። «እትዬ፣ እኔን መስሎኝ።»

«አንቺንም ይሆናል» አለች ሁመይራ። «ስለ አንቺ ነበር የምታወራኝ በዚያ ቀን።»

ሠናይት ተነሥታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰልማን የሻዩን ማንቆርቆሪያ ከሁመይራ እጅ ወስዶ ለሙዳሲር ሰጠው። ሙዳሲር መቅዳት አልለመደም፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አፍስሶ ምንጣፉን አራሰው።

ጋሼ ብርሃነመስቀል ወደ ሁመይራ ዞሩ።

«እንግዲያ አንቺ ታውቂ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«አዎ ጋሼ።»

«ለማንም አልተናገርሽም።»

«ለማንም።»

«መንገድ ላይ ስታገኚኝ ታዲያ ምን ትይኝ ነበር?»

«ጋሼ፣ ሥራ እንዴት ነው እልዎት ነበር።»

«እኔስ?»

«ደህና ነው፣ ስብሰባው ብቻ በዛብን ይሉኝ ነበር።»

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሌሎቹ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አዩና፣ ቀስ በቀስ እነሱም ገቡበት። ጋሼ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በዛብን አልኩሽ?» አሉ። «ውሸቴን ነው። አንድም ቀን ስብሰባ ጠርተውኝ አያውቁም።»

ከዚያ ወደ ቲቪው ዞሩና እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።